የይፋጉ ሰባት ቁጥር

ባቡሮቹን ያጋጨቻቸው ሰገን ናት። ያጋጨቻቸውም አባቷ ያዘዛትን ቃል በቃል በመፈጸሟ ነው። በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ የአቶ አስማረን ትእዛዝ ያከበረች እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹማ ይወዱታል። ስለሚወዱትም ትእዛዙን ማክበር ከተዉ ወራት አልፈዋል።

ባቡር ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። የሚጎትተው ራሱ ከነፉርጎዎቹ ከሁለት ክንድ አይበልጥም። የሚሄደውም ወረታ፣ ከአቶ አስማረ ቤት ጓሮ፣ ድሮ ሩዝ ይከማችባት በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ወገብ የሚደርስ ጠረጴዛ ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ ይዞራል፤ በስተግራ አንበሳሜ፣ መሐል ላይ ወረታ፣ በስተቀኝ ጥግ ይፋግ። እውነተኛው ባቡር ወደዚህ አገር ይመጣል ሲባል ስንት ዓመት ሆነው፤ አቶ አስማረ መጠበቅ ሰለቸውና በገዛ እጁ አመጣው። የርብ ወንዝን ድልድይ ከጃንጥላ ሽቦ ሠራ። ከወረታ በላይ ከጆንያና ከጭቃ አንድ ኮረብታ አቆመ። የፎገራን ላሞች ከዋንዛ እንጨት እየጠረበ፣ ቀንዳቸውን እንኳ ሳይረሳ፣ በሜዳው ላይ በተናቸው። መብራት ስለማይታመን ሁሉም ነገር የሚሠራው በባጃጅ ባትሪ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በድሬዳዋ ምድር ባቡር ስምሪት ላይ ሠርቷል። አሮጌው መስመር ሥራ ሲያቆም አንድ የወርክሾፕ ፈረንሳዊ ሁለት ትንንሽ የባቡር ራሶችና አንድ ካርቶን ሐዲድ ትቶለት አገሩ ገባ፤ እሱም ሚስቱን ገላነሽን ተከትሎ ወደ አገሯ ወረታ መጣ። ካርቶኑን እቅፍ አድርጎ ከአውቶቡስ ሲወርድ ያዩት ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል።

እሑድ እሑድ በስምንት ሰዓት አራት ሰው ይሰበሰባል። አንበሳሜን የሚይዘው ታደለ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር፣ አፉ የማይፈታ ሰው። ወረታን አምሳል ትይዛለች፤ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው የሩዝ መፈልፈያ የእሷ ነው፤ አፏ ደግሞ ለታደለም ይተርፋል። ይፋግ የሰገን ነው። አቶ አስማረ ራሱ ከአሮጌ አንሶላ መጋረጃ ጀርባ ጠረጴዛና መዝገብ ይዞ ይቀመጣል። ባቡሮቹን አያያቸውም። «ስምሪት ባቡር አያይም፤ ስምሪት የሚያየው ወረቀት ነው» ይላል። በአሮጌ የጠረጴዛ ስልክ እየደወለ ያዛል። ጣቢያ ያዡ ትእዛዙን ይጽፋል፣ መልሶ ያነብለታል። እሱ «ልክ ነው» ሲል ባቡሩ ይነሣል። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ከሁለት ጣቢያ መሐል ሁለት ባቡር አይገባም። የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ማን ይለፍ፣ ማን ይጠብቅ።

ሌላም ሕግ አለ። የክፍሉ በር ማጠፊያው ላልቷል። እጀታውን ይዞ ወደ ላይ ቀና አድርጎ በቀስታ ካልዘጉት ጠረጴዛው ይናወጥና ፉርጎ ከሐዲድ ይወጣል። በሩን ደርግሞ የገባ ሰው ለዚያ ቀን ጣቢያ አይሰጠውም።

ግንቦት ላይ አቶ አስማረ አንድ ባቡር መኖሩን ረስቶ ሌላ ባቡር በላዩ ላይ ሊልክ ነበር። አምሳል ትእዛዙን ተቀበለች፣ መልሳ አነበበች፣ ግን ባቡሩን አላስነሣችም። ትንሽ ቆይታ ደወለችና «ተሳፋሪ አልወረደልኝም» አለችው። መጀመሪያ የተላከው ባቡር በሰላም ገባ። አቶ አስማረ በመዝገቡ ላይ «አራት ደቂቃ ዘገየ፤ ተሳፋሪ አልወረደም» ብሎ ጻፈ። ባቡር እንዲህ ባለ ምክንያት መዘግየቱ እውነተኛ ስለመሰለው ደስ ብሎት ዋለ።

ሰኔ ላይ ሁለት ጊዜ ሆነ። ሐምሌ ላይ ታደለም አንድ ጊዜ ረዳው፤ ሽቦ ለቋል አለ። ነሐሴ ላይ ሰገን። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። አንድ ቀን ግን ሦስቱም ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ከዚያ በኋላ መማከር አላስፈለገም።

ይህ ሁሉ በእሑድ ቢያበቃ ሰገንም ዝም ባለች ነበር። ነገር ግን የርብ ዳር ገበሬዎች አቶ አስማረን የውሃ አባት ሊያደርጉት ነው። ሩዙ ታጭዷል፤ ኅዳር እያለቀ ነው፤ ሽንኩርቱ ይተከላል፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ የማን ቦይ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈት የሚናገር የውሃ አባቱ ነው። አምና ተራ ተምታታ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቦይ አፍ ላይ፣ ሁለቱም ተራው የኔ ነው ብለው ተገናኙ። ካሴ የሚባለው በአካፋ ተመትቶ አንድ ዓይኑን አጣ። ሰገን በዩኒቨርሲቲ የተማረችው መስኖ ነው፤ ሥራዋም እሱ ነው፤ ጠዋት ቦታው ድረስ ሄዳ ሪፖርቱን የጻፈችው እሷ ናት። አካፋውንም አይታዋለች።

ገበሬዎቹ አቶ አስማረን የፈለጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ሰው ሁሉ ወይ ከቦዩ ራስ ወይ ከቦዩ ጅራት ዘመድ አለው። እሱ የድሬ ሰው ነው። የሚስቱም ወገኖች ከተሜ ናቸው፤ አንድ እርምጃ ማሳ የላቸውም። ሥርዓት ደግሞ ያውቃል።

ሰገን አልሞከረችም አይባልም። የውሃ ማኅበሩን ሊቀመንበር ማረውን ገበያ ላይ አግኝታ «አባቴ ይረሳል» ብላዋለች። ማረው ሳቀ። «እኔ የልጆቼን ስም አምታታለሁ። አንቺ አባትሽ እንዲደክምብሽ አልፈለግሽም፤ ይገባኛል።» አባቷንም ራሱን ነግራዋለች፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ መዝገቡን አምጥቶ ፊቷ ዘረጋላት። «አንብቢ። ስድስት ወር። አንድ ግጭት አሳዪኝ!» ምን ታሳየው? አንድም አልነበረም።

እናቷ ባሕር ዳር ናት፤ ታላቅ እህቷን ልታርስ ሄዳለች። በዚያ እሑድ ጠዋት ደወለች።

«ማረው ዛሬ ሊያየው ይመጣል አሉ።»

«ይመጣል።»

«አባትሽን በሰው ፊት እንዳታሳፍሪው፣ ሰገን።»

«የሚያሳፍረው እኔ ነኝ?»

«ነገርኩሽ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ማረው በስምንት ሰዓት መጣ። ዱላውን ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ በሩን እንደ ተነገረው ቀና አድርጎ ዘግቶ፣ ጥግ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ላሞቹን እያየ «እናንተዬ፣ ጡቷ ሳይቀር!» አለ።

«አቶ ማረው፣ እዚህ ቤት ላም ማድነቅ እንጂ መንካት አይፈቀድም» አለች አምሳል። «አደራ፣ ባቡር ስል ደግሞ የኔን እንዳይመስልዎ። የኔ ባቡር ሩዝ ይፈለፍላል፤ የአቶ አስማረ ባቡር ነገር ይፈለፍላል።»

«አምሳል፣ ሥራ ሊጀመር ነው» አለ አቶ አስማረ ከመጋረጃው ጀርባ።

«እሺ ጌታዬ። አፌን ዘጋሁ።»

«እስቲ እናያለን» አለ ታደለ። በዚያ ቀን ከዚያ በፊት የተናገረው ነገር አልነበረም።

ሰገን የይፋግን ወንበር ያዘች። ማታ ተኝታ የወሰነችው ነገር ቀላል ነው፤ ዛሬ አታግዘውም። ካልተሳሳተ እሰየው፤ የተሳሳተችው እሷ ትሆናለች፣ ይቅርታም ትጠይቃለች። ከተሳሳተ ደግሞ ስህተቱን የሚሸሽግ ሰው አይኖርም።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከአንበሳሜ የጤፍ ፉርጎዎች መጡ፤ ወረታ ላይ ሦስቱ ተፈትተው ቀሩ፤ የይፋግ ገበያ ባቡር ደርሶ ተመለሰ። አቶ አስማረ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ቃሉ አጭር ነበር። ማረው አንገቱን እየነቀነቀ ያደምጣል። ሰገንም እፎይ ማለት ጀመረች፤ ትንሽ አፈረችም።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የወረታ ስልክ ጮኸ።

«ወረታ።»

«ወረታ ነኝ።»

«አራት ቁጥር ወደ ይፋግ ይነሣ።»

አምሳል ጻፈች፣ አነበበች፣ «ልክ ነው» ተባለች። አረንጓዴው የባቡር ራስ አምስት ፉርጎ ጎትቶ ከወረታ ወጣና በዝግታ እየተጎተተ ከኮረብታው ጀርባ ገባ። በዚህ መሐል ታደለ ከአንበሳሜ ደወለ፤ አንድ ፉርጎ መንኮራኩሩ ጠብቆ እንቢ ስላለው ከመስመር ላውጣው ወይ ብሎ ነው። አቶ አስማረ ስለ ፉርጎው ጠየቀው፣ መከረው፣ የትኛው የጎን ሐዲድ ላይ እንደሚያቆመው ነገረው። ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ የይፋግ ስልክ ጮኸ።

«ይፋግ።»

«ይፋግ ነኝ» አለች ሰገን።

«ሰባት ቁጥር ወደ ወረታ ይነሣ።»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አራት ቁጥር ኮረብታውን ዞሮ ብቅ ሊል ነው። አምሳል ቀና ብላ አየቻት። ታደለም። ሰገን ጻፈችው።

«ሰባት ቁጥር ከይፋግ ወደ ወረታ ይነሣ» ብላ አነበበች። «መንገዱ ነፃ ነው?»

«ነፃ ነው።»

«ደግሜ ላንብብ?»

ከመጋረጃው ጀርባ ወንበሩ ተንቋቋ። «ምን ሆነሻል ዛሬ? እሺ፣ አንብቢ።»

ደግማ አነበበች። በዝግታ፣ ቁጥሩን እየለየች፣ የጣቢያዎቹን ስም እየረገጠች አነበበች። ከዚህ የበለጠ ልትረዳው አትችልም።

«ልክ ነው» አለ አባቷ።

አምሳል ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ «ሽቦ ለቋል በይው» አለቻት። ከዚያ በእጇ። ከዚያም አራት ቁጥርን አቆመችው፤ ባቡሩ የርብ ድልድይ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ሰገን ማድረግ የነበረባት ምንም አልነበረም። ቁጭ ማለት ብቻ፤ እንደ ነሐሴው፣ እንደ መስከረሙ። ባቡሩን የሚያስነሣውን ማዞሪያ አዞረች።

ሰባት ቁጥር ከይፋግ ወጣ። ድልድዩ ላይ እስኪደርስ ሩብ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሰገን ግን ረጅም ሆነባት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እጇ ማዞሪያው ላይ ነበር። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ የሻይ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ ያህል። አረንጓዴው ራስ ከጃንጥላ ሽቦው ላይ ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ አንድ መንኮራኩር ተነቅሎ እየተንከባለለ ሄዶ የማረው ጫማ ሥር ቆመ።

«ከብት ነው!» ብላ ጮኸች አምሳል። «ከብት ሐዲድ ላይ ገብቶ ነው!»

አቶ አስማረ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ድልድዩን አየ፣ ወለሉን አየ፣ የሰገንን እጅ አየ። ተመልሶ መዝገቡን አመጣና ቆሞ አነበበ። ሁለቱም መስመር በራሱ ጽሕፈት፣ አንዱ ከአንዱ ሥር ተጽፏል።

«ከብት አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። አራት ቁጥር መንገድ ላይ እያለ ሰባት ቁጥርን ላክሁ።»

«ታዲያ ምን ይሁን!» አለ ማረው መንኮራኩሯን እያነሣ። «የልጅ መጫወቻ ነው፤ ይጠገናል። ሰው አልሞተ።»

አቶ አስማረ መጫወቻ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ቅጭም አለ፤ ግን ዋጠው። «አንድ ጊዜ ነው» አለ። «በስድስት ወር አንድ ጊዜ። መዝገቡ ይኸው። በድሬም ጊዜ ቢሆን...»

«አንድ ጊዜማ ማን የማይሳሳት አለ!» አለ ማረው። «እንዲያውም ጥፋቱን አልሸሸጉም። የምንፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ነገ ጠዋት ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቅዎታል።»

አምሳል ሳቀች፤ ታደለ ትንፋሹን ለቀቀ። ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ሊመለስ ነው። ሰገን ከወንበሯ ተነሣች።

«አንድ ጊዜ አይደለም፣ አባባ።»

«ሰገን!» አለች አምሳል።

«ከግንቦት ጀምሮ ነው። እኛ ነን የምናቆማቸው። አንተ ትልካለህ፣ እኛ እናቆማለን፣ ከዚያ ምክንያት እንነግርሃለን።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሻል? አባቷን አንተ የምትል፣ የድሬ ዘር!» አለች አምሳል።

«እርስዎ ብለው ኖሮ ባቡሩ አይጋጭም ነበር?»

ማረው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያል። አቶ አስማረ አልተቆጣም። መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠ፤ ወደ ግንቦት። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደ ድምፁን ሳያነሣ ያነብ ጀመር።

«ተሳፋሪ አልወረደም። ይሄ?»

ጣቱ ወደ ታች ወረደ።

«ሽቦ ለቋል። ታደለ፣ ይሄ ያንተ ነው።»

ታደለ የጫማውን ጫፍ አየ። «አንዳንድ ጊዜ በእውነትም ይለቅቃል፣ ጋሼ።»

«በዚህ ቀንስ?»

«በዚህ ቀን... አልለቀቀም።»

ገጹን ገለጠ። ከገጽ ገጽ ሲሄድ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረ ነው። ሰገን ማስቆም ፈለገች፤ አልቻለችም። መስከረም ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ከብት ሐዲድ ላይ ተኝቶ አስነሥተን እስክንነዳው ሰባት ደቂቃ ዘገየ።» ቀና አለ። «አምሳል፣ ይህችስ?»

አምሳል ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ከብቱንም ያስተኛሁት እኔ ነኝ፣ አቶ አስማረ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይህችን እኮ ለገላነሽ ነግሬያታለሁ። የፎገራ ከብት ባቡሬን አቆመው ብዬ። አብረን ስንስቅ አመሸን።» ወደ ሰገን ዞረ። «እሷም ታውቃለች?»

ሰገን መልስ ነበራት። ጠዋት በስልክ የሰማችው ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ዓይኗን ወደ ድልድዩ መለሰች፤ እሱም ገባው።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ። «ከዛሬው ጋር ሃያ።»

«አቶ አስማረ» አለ ማረው። ድምፁ ተለውጧል። «እኛ ክፉ አስበን አይደለም...»

«አውቃለሁ። ነገ አልመጣም። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ማንን? ዘመድ የሌለው ሰው ከየት እናመጣለን? ውሃው እኮ ሰኞ ሳምንት ይለቀቃል።»

ሰገን እዚህ ድረስ አላሰበችበትም ነበር። ካሴን ብቻ ነው ያሰበችው፤ ከእሱ ወዲያ ያለውን አላየችም።

አቶ አስማረ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ፣ ከይፋግ ጣቢያ አጠገብ አኖረና ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። ሰዓቱን ጻፈ። የባቡሮቹን ቁጥር ጻፈ። «ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «ስምሪት» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ጽሕፈቱ አሁንም የተማሪ ቤት ጽሕፈት ነው፤ አንድ ፊደል አልተዛነፈም።

«ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አንብበሽልኛል» አላት፣ ቀና ሳይል።

«አዎ።»

«ልክ ነው ብያለሁ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ደህና። ይፋግ ጥፋት የለበትም።»

ሰገን እንዲጮህባት ጠበቀች። ቢጮህባት ትመልስለት ነበር፤ ስለ አካፋው፣ ስለ ካሴ ዓይን፣ ስለ ነገው ቦይ የምትለው ሁሉ ምላሷ ላይ ተደርድሯል። እሱ ግን ብዕሩን ከደነ። የባትሪውን ሽቦ ነቀለ። የመጋረጃውን አንሶላ እንደ ወትሮው ሰብስቦ በሚስማሩ ላይ ሰቀለው፤ ከኋላው ጠረጴዛውና ባዶው ወንበር ታዩ። ወለሉ ላይ የተኛውን አረንጓዴ ራስ ሳይረግጥ ተራመደው። ማረው መንኮራኩሯን ሊሰጠው እጁን ዘረጋ፤ አቶ አስማረ አላያትም።

በሩን ከፍቶ ወጣ። ከዚያ ከውጭ እጀታውን ይዞ፣ ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ በቀስታ ዘጋው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፉርጎ እንኳ አልተነቃነቀም።